ማሽኑ አጥቦ ጨረሰ፣ ፒሲአሩ ግን ዘገየ

ጥያቄ፦ በሆስፒታል ላቦራቶሪ የቫይረስ አርኤንኤ (የዘር ቁስ) ከፕላዝማ፣ ማለትም ከደም ፈሳሽ ክፍል፣ የምናወጣው በማግኔቲክ ቢድ (አርኤንኤ በሚይዙና በማግኔት በሚሳቡ ጥቃቅን ቅንጣቶች) በሚሠራ፣ ባለ 96 ዌል (ጉድጓድ) ማሽን ነው። በእጅ ስንሠራ ያላየነው ችግር ገጠመን። ከ8ኛው ዓምድ በኋላ ያሉት ናሙናዎች ኢንተርናል ኮንትሮላቸው (ማውጣቱ መሥራቱን ለማወቅ በየናሙናው የምንጨምረው) በፒሲአሩ፣ ማለትም የዘር ቁስን እያባዛ በሚለየው ምርመራ፣ ከ3 እስከ 4 ሳይክል (የማባዛት ዙር) ይዘገያል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይታይም። በማሽኑ ሳያልፍ በቀጥታ ፒሲአሩ ላይ የምንጨምረው ፖዘቲቭ ኮንትሮል ደህና ነው። ኪቱም (የማውጫ ኬሚካሎቹ ጥቅል) ጊዜው አላለፈበትም።

መልስ፦ ፖዘቲቭ ኮንትሮላችሁ በሰዓቱ ከወጣ የፒሲአር ድብልቁን ተዉት፤ ጥፋቱ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ዋናውን ፍንጭ ደግሞ ራሳችሁ ጽፋችሁታል፦ «ከ8ኛው ዓምድ በኋላ»። መጥፎ ናሙና ፕሌቱ (ዌሎቹ ያሉበት ሳህን) ላይ ቦታ አይመርጥም። ቦታ የሚመርጥ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አሞላሉ ነው።

ቢዱ ሲሊካ የለበሰ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ስለሆነ ቶሎ ይዘቅጣል። ጠርሙሱን አንዴ ነቅንቃችሁ 96ቱንም ከሞላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ዌሎች የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቡናማ፣ የመጨረሻዎቹ ቀጭን ሻይ የመሰለ ይደርሳቸዋል። ፕሌቱን ወደ መብራት አንሥታችሁ ከሥሩ እዩት፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቢዱን 30 ሰከንድ ያህል ቮርቴክስ አድርጉ (በመነቅነቂያ ማሽን ቀላቅሉ)፣ ከዚያ እያንዳንዱን ዓምድ ከመሙላታችሁ በፊት በፒፔቱ ሦስት አራት ጊዜ ሳብ መለስ አድርጋችሁ ቀላቅሉት።

ይህ ካልፈታው ከወጣው አርኤንኤ ጥቂቱን በንጹሕ ውኃ አሥር እጥፍ አቅጥኑና እንደገና አስኪዱት። ሲቲው (ምልክቱ መታየት የሚጀምርበት ሳይክል) ሌላ 3.3 ሳይክል ያህል ከዘገየ የጎደለው የአርኤንኤው መጠን ነው። ባለበት ከቆመ ወይም ከፈጠነ ግን ፒሲአሩን የሚያፍን ነገር አብሮ ወጥቷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው እጥበት የቀረ ኢታኖል ነው፤ የማድረቂያውን ጊዜ በኪቱ መመሪያ አስተያዩት። ዝም ብሎ ማራዘምም አይበጅም፤ ተሰነጣጥቆ የደረቀ ቢድ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም። አፈናው በዚህም በዚያም ዌል ተበታትኖ ከታየ ደግሞ የደም ቲዩቡን ክዳን እዩ፤ አረንጓዴው ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ነው፣ ፒሲአርን ያግዳል። በሐምራዊው፣ ማለትም በኢዲቲኤው፣ እንደገና ይቀዳ።

(በመጠን መለኪያ ማሽን አርኤንኤውን ለክታችሁ አትጽናኑ። ኪቱ ካሪየር አርኤንኤ (ማውጣቱን ለማገዝ የሚጨመር ሌላ አርኤንኤ) ካለው ቁጥሩ የእርሱ ነው፤ የቫይረሱ አርኤንኤ በዚያ መለኪያ ለመታየት እጅግ ትንሽ ነው።)

ጥያቄ፦ ላይሲስ በፈር (ቫይረሱን የሚያፈርሰው የኪቱ ፈሳሽ) ጠረጴዛ ላይ ቢፈስ በበረኪና ልጥረገው?

መልስ፦ በፍጹም! በፈሩ ውስጥ ያለው ጓኒዲን ታዮሳይኔት ከበረኪና ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጓንት አድርገው በወረቀት ያስመጥጡት፣ በሳሙናና በውኃ ደጋግመው ያጥቡት። ናሙና የተቀላቀለበት ከሆነ በረኪናው የሚመጣው ከዚህ እጥበት በኋላ ብቻ ነው። ማሽኑ የጨረሰበት ፕሌትና የቆሻሻ ዕቃው ውስጥም በረኪና አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት በፈሩ ውስጥ ነጭ ጠጠር እናያለን። ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ሌሊት በብርድ የረጋ ጨው ነው። 37 ዲግሪ ላይ አሙቁትና ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ በእርጋታ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት፤ ከተመታ አረፋ ይሠራና ፒፔቱ አየር ይስባል። ጠጠሩ ከነሥሩ ቁጭ ብሎ ከላይ ያለውን ብቻ መቅዳት ግን የጨው መጠኑን ያሳንሳል፤ ያኔ አርኤንኤው ቢዱ ላይ በደንብ አይጣበቅም። ቢዱን ራሱን ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ተጓጉሎ ይቀራል።