ካርዱ ሣጥን ውስጥ ነበር

የጎረቤቴ ልጅ በጤና መኮንንነት ተመርቃ ሰሞኑን ቤቴ መጣችና "እትዬ፣ ሥራ ልጀምር ነው፤ ምን ይመክሩኛል?" አለችኝ። ቡና እየቆላሁ ስለነበር እጄም ልቤም ምጣዱ ላይ ነው፤ "በርቺ፣ እግዜር ይርዳሽ" ብዬ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ነው የከነከነኝ። ይኼ ለእሷና ለእኩዮቿ የዘገየ መልሴ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ኮሙኒቲ ነርስ ነኝ። የተማርኩትም ብዙውን ዕድሜዬን የሠራሁትም እዚሁ ጎንደር ነው። የተማርኩበት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ እዚሁ አጠገባችን ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። ጤና መኮንኑ፣ ኮሙኒቲ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው ሳኒታሪያን አብረው ሠልጥነው በቡድን ወደ ሕዝቡ ይላኩ ነበር። ዓለም ካዛክስታን ውስጥ አልማ አታ በምትባል ከተማ ተሰብስቦ ስለ መሠረታዊ ጤና አገልግሎት የተናገረው ከዚያ 24 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ይኼን የማነሳው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ግን እኛን ያስተማሩን በሽተኛው እስኪመጣ እንድንጠብቅ አልነበረም።

አሁን ወደ አንዲት ሴት ልውሰዳችሁ። አራዳ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ከኋላ ባለች አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ የሰው ልብስ እያጠበችና እንጀራ እየጋገረች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። አንድ ቀን አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት አገኘኋት። ጎረቤት "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ አሽቷታል። ግፊቷን ብለካው ደም ብዛቷ የት በደረሰ! "የጤና መድን ካርድ የለሽም?" ስላት በግራ እጇ ወደ ሣጥኑ አመለከተች። ከፈትኩት። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከእድር ደብተሯና ከልጆቿ የክርስትና ወረቀት ጋር ተቀምጧል። መክፈል ለማይችሉ ተብሎ መዋጮው የተሸፈነላት ነች፤ ፎቶዋም ማኅተሙም አለ። የተቀበለችው ከዓመት በፊት ነው፤ አንድም ቀን አልተገለጠም።

"ለምን አልታከምሽበትም?"

"ለክፉ ቀን ብዬ ነዋ። ካርድ ደግሞ ያልቅ የለ?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የበራልኝ። እሷ የምታውቀው ካርድ የስልክ ካርድ ነው። አንዴ ከሞሉት ያልቃል። እና ለልጆቿ ስትል፣ ራስ ምታቱን በሻሽ ጥፍር አድርጋ እያሰረች፣ ካርዱን እየቆጠበችው ነበር!

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ የዋሸም የሰረቀም የለም። ኮሚቴው መልምሏታል፣ ቀበሌው አጽድቋል፣ እኛም ሪፖርታችን ላይ ከተጠቃሚ ቆጥረናታል። የጎደለው አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ "ይኼ ስለታከምሽበት አያልቅም፤ አሁኑኑ፣ ሳትወድቂ በፊት ነይበት" የሚላት ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ድሃውን እንወቅሳለን። ድሃ ግን በሽታውን አይደብቅም፤ ቀን ይቀጥርለታል። ልብሱ ታጥቦ ይለቅ፣ የቤት ኪራይ ይከፈል፣ ልጁ ፈተናውን ይጨርስ ይላል።

በእኛ ጊዜ ከቀበሌ የነጻ ወረቀት አምጣ ነበር የሚባለው። ያ ወረቀት ለማውጣት ሰው ስንት ደጅ ይጠና እንደነበር እናንተ አታውቁትም። ዛሬ የተሻለ ነገር አለ። የቲቢ ሕክምና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሀብታም ድሃ ሳይባል በነጻ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከእኛ ክልል ጎረቤታችን ፎገራ ነበረችበት። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽኑም በ2002 ዓ.ም. ግድም መጥቷል። ይኼን ሁሉ አላቃልልም።

ግን መድኑ የሚቆጥረው ቤተሰብ ነው፤ አባወራ፣ እማወራ፣ ልጆች። ገጠር ላይ ይኼ ይሠራል፤ ማን በሬ እንዳለው፣ ማን እንደሌለው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከተማ ላይ ግን ከሁሉ የደኸየው ሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብም ቤትም የሌለው ነው። የቤት ሠራተኛዋ የማን ቤተሰብ ናት? ከገጠር ለቅኔ የመጣው የቆሎ ተማሪ፣ ደበሎውን ለብሶ ከአምስት ጓደኛው ጋር ጎጆ ውስጥ የሚያድረው፣ የትኛው አባወራ ሥር ይጻፍ? ቅማል ሲበዛ፣ ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ የሚባለው ትኩሳት መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ተፈናቅሎ የመጣው፣ በየሦስት ወሩ ቤት የሚቀያይረው ተከራይስ? የቀበሌው ኮሚቴ የሚያውቀው ነባሩንና እድር ያለውን ነው።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ወጣት ቀን ሠራተኛ፣ ከስቶ፣ ትኩሳት ይዞት መጣ። ሲመረመር ወባ የለበትም ተባለ። መታወቂያ የለው፣ ገንዘብ የለው። ተራው ረጅም ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። "መታወቂያ ይዘህ ነገ ና" አልኩት። መታወቂያው ያለው ደጋ አገሩ ነው፤ ነገ ከየት ያመጣዋል? ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓደኞቹ ተሸክመው አመጡት። ጣፊያው አብጦ ሆዱን ሞልቶታል። ካላዛር ነበር። በቆላው ዋልካ መሬት ስንጥቅና ግራር ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ነክሳ የምታስይዘው፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ። የሚያበሳጨኝ ደግሞ ሕክምናው እዚሁ ጎንደር በነጻ መሰጠቱ ነው። ማንም መታወቂያ አይጠይቀውም ነበር፤ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ደግነቱ ተረፈ። ለ17 ቀን በየቀኑ መርፌውን ሲወጋ እየሄድኩ አየው ነበር፤ እሱ ግን ያባረርኩት እኔ መሆኔን አላስታወሰም። እኔም አልነገርኩትም።

እና ምን እናድርግ ትሉ ይሆናል። ቤት ለቤት ስትሄዱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አትሂዱ። የቀን ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ቤቱ የለም፤ የምታገኙት የተሻለ የሚኖረውን ነው። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሂዱ። ማን እንደተቸገረ ለማወቅ የሠፈሩን ባለ ሱቅ ጠይቁት፤ የዱቤ ደብተሩ ከቀበሌ መዝገብ የበለጠ ያውቃል። ጸበል ቦታ ውረዱ፤ ታማሚውን ከጸበሉ ልታስጥሉ ሳይሆን ኪኒኑን ከጸበሉ ጋር እንዲወስድ ልትለምኑ። ካህናቱን ከያዛችሁ ሥራችሁ ግማሽ አለቀ።

ስለ መድኃኒት መስኮቱም ልጨምር። ካርድ የያዘ ሰው ግማሽ ቀን ተሰልፎ "የለም፣ ከውጭ ግዛ" ከተባለ፣ ካርዱ ለእሱ የተቀደደ ወረቀት ነው። ጤና ጣቢያው ከመድኑ የሚመለስለት ገንዘብ ሲዘገይ መድኃኒት መግዣ ያጣል፤ እናንተ ደግሞ መስኮቱ ላይ ስለምትቆሙ ስድቡን ትቀበላላችሁ። ስድቡን ተቀበሉ፤ ግን ያጣችሁትን መድኃኒት ስምና ባዶ እጁን የተመለሰውን ሰው ቁጥር በየቀኑ ጻፉ፤ በየስብሰባው አንብቡት። እኔ ይኼን የጀመርኩት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው፤ አለቆቼ አልወደዱልኝም። ያም ሆኖ የደም ብዛት ኪኒን አምስት ስብሰባ በተከታታይ ሲነበብባቸው በስድስተኛው መጣ።

ያቺ ሴት አንደበቷ ትንሽ ቢይዛትም እጇ ተመለሰላት። በየወሩ ኪኒኗን ልትወስድ ትመጣ ነበር። ካርዱን ከፌስታሉ ታወጣለች፣ ታሳየኛለች፣ ኪኒኑን ትቀበላለች። ከዚያ መልሳ ከመጠቅለሏ በፊት ገልበጥ አድርጋ ከኋላው ታየውና፣ እያወቀች፣ እየሳቀች፣ "አላለቀም አይደል?" ትለኛለች።