መንሹ ወዴት ዞሯል? ስለ ዓይን ልየታ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በምሥራቅ ጎጃም በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች እየዞርኩ የዓይን ልየታ እሠራለሁ። ስለ ሥራው የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጠየቃችሁኝ፣ ደስ ብሎኛል። አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ዶክተር ነሽ? ሥራሽ በትክክል ምንድን ነው?

ዶክተር አይደለሁም። ልጆቹ «ዶክተር» ሲሉኝ ሁሌም አርማቸዋለሁ። የኔ ሥራ መለየት ነው። ማን በደንብ ያያል? ማን አያይም? ማን ዛሬውኑ ሐኪም ማግኘት አለበት? መድኃኒት አላዝም፣ የመነጽር ቁጥርም አልወስንም። እሱ የኦፕቶሜትሪስትና የዓይን ሐኪም ድርሻ ነው። ዕቃዬ በአንድ ቦርሳ ያልቃል፦ ሰሌዳ፣ ሜትር፣ ባትሪ፣ መዝገብ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ካርድ።

ጥያቄ፦ ፊደል ያልለየ ልጅ እንዴት ይመረመራል?

ማንበብ አያስፈልገውም። ሰሌዳው ላይ ያለው አንድ ምልክት ብቻ ነው፣ የእንግሊዝኛው ኢ። አንዱ ወደ ላይ ዞሯል፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። እኔ ለልጆቹ «ይሄ መንሽ ነው» እላቸዋለሁ። አውድማ ላይ መንሽ ያላየ ልጅ እዚህ የለም። «የመንሹ ጣት ወዴት ዞሯል? በእጅህ አሳየኝ» ስለው ወዲያው ይገባዋል።

6 ሜትር ለክቼ መሬቱ ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ። ልጁ ተረከዙን መስመሩ ላይ ያደርጋል። አንዱን ዓይን በመዳፉ ይሸፍናል፣ ሳይጫነው። በጣት ከሸፈነ በመሐል ያጮልቃል። ከትልቁ ምልክት እንጀምርና እያነስን እንሄዳለን። ሰሌዳው ላይ 6/12 የሚባል መስመር አለ። 6/12 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያየውን ይሄ ልጅ 6 ሜትር ላይ ቆሞ ነው የሚያየው ማለት ነው። በአንዱ ዓይኑ ብቻ እንኳ የዚያን መስመር ምልክቶች ካልለየ ባለ ቀዳዳውን ካርድ እሰጠዋለሁ። በቀዳዳው ሲያይ ከተሻለው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በመነጽር የሚስተካከል ነው። ካልተሻለው ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ሁለቱንም ሪፈር እላለሁ፣ ማለትም ወደ ሐኪም የሚልክ ወረቀት እጽፍላቸዋለሁ፣ ግን ወረቀቱ ላይ ለይቼ እጽፈዋለሁ።

አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ አይረሳኝም። አንዱንም ሳይስት ጨረሰ። ፍጥነቱ አላማረኝምና ሰሌዳውን ገልብጬ ሰቀልኩት። ያንኑ ቅደም ተከተል ደገመልኝ። ሰልፍ ላይ ቆሞ ከፊቱ የነበሩት ልጆች እጃቸውን ወዴት እንደሚቀስሩ እያየ በቃሉ ይዞት ነበር። አልተቆጣሁትም። ፈተና መስሎት ነው፣ እንዳይወድቅ ፈርቶ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምናገረው «ይሄ ፈተና አይደለም፣ ማንም አይወድቅም» የሚለውን ነው። ሰልፉንም ከበሩ ውጭ አደርገዋለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። አንቺ እስክትመጪ ምን ልጠብቅ?

ከጥቁር ሰሌዳው ሳይሆን ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጠውን ልጅ እዩልኝ። ዓይኑን የሚያጨነቁረውን፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብለውን፣ ደብተሩን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋውን፣ ከሰዓት ላይ ራሴን አመመኝ የሚለውን። ደግሞ ጎበዝ የነበረውና ሰሌዳው ከራቀው ወዲህ የወረደውን።

አደራ፣ ልጁ ነግሮኝ አያውቅም አይበሉ። አያውቀውማ! ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ነው የሚመስለው። አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ ካርዱን ሰጥቻት በቀዳዳው ወደ ጥቁር ሰሌዳው ስታይ «ቀን ይጻፋል እንዴ?» አለችኝ። መምህሯ በየቀኑ ጥግ ላይ ቀን ይጽፋል። አይታው አታውቅም። ሰነፍ ትባል ነበር።

ጥያቄ፦ መነጽር ዓይንን ያሰንፋል ይባላል። ልጄ ከለመደው አይብስበትም?

አይብስበትም። የቅርብ እንጂ የሩቅ የማያይ ልጅ ዓይኑ ከቁመቱ ጋር እያደገ ሲሄድ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ይሄ መነጽር ባያደርግም የሚመጣ ነው። መነጽሩን ሲያወልቅ የበፊቱ ብዥታ የሚከብደው ጥርት ያለውን ስለለመደ ነው። የሌላ ሰው መነጽር ግን አታድርጉለት፣ ቁጥሩ የሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ «አራት ዓይን» ብለው ስቀውበት መነጽሩን ቦርሳው ውስጥ ደበቀው። ምን ላድርግ?

ይሄ ጥያቄ ልቤን ነካው። ንገሩት፣ በእኛ አገር «አራት ዓይና» ስድብ አልነበረም። ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን፣ አራቱንም ጉባኤ ጠንቅቆ ለሚያስተምር መምህር የሚሰጥ የክብር ስም ነው። ጎጃም ሆኖ ይሄን የማያውቅ ሽማግሌ የለም፣ አያቱ ይንገሩት። የክፍል ኃላፊውንም አነጋግሩ። እኔ መነጽር ሲታደል ክፍሉ ሁሉ ባለበት ይሁን እላለሁ። ልጆቹ ተራ በተራ ካዩት መሳለቁ ቶሎ ይበርዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሸውራራ ነው። ሲያድግ ይለቀዋል ይሉኛል።

እህቴ፣ አትጠብቂ። አእምሮ ከሸፈፈው ዓይን የሚመጣውን ምስል እየተወ ይሄድና ያ ዓይን ማየት ሳይለምድ ይቀራል። ሕክምናው በደንብ የሚሠራው በልጅነት ነው፣ 7 ወይም 8 ዓመት ሳይሞላው። ሌላም ልጨምር። የልጅ ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ካያችሁ ሳምንት አትስጡት። የዓይን ሞራ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያ ስትሠሪ ብዙ የምታዪው ምንድን ነው?

ትልልቅ ሰዎች ላይ የዓይን ሞራና ማዝ (ትራኮማ)። በ1998 ዓ.ም. በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፣ የግማሹ ምክንያት የዓይን ሞራ ነው። ከዓይነ ስውርነቱ ከ11 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያመጣው ደግሞ ማዝ ነው።

ማዝ ተላላፊ ነው። በዝንብ፣ በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ ይተላለፋል። ልጅ እያለን ደጋግሞ ይይዘንና የቆቡን ውስጥ ያጠባስሳል። ዓመታት ሲያልፉ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን ይፍቃል። እናቶች ነጠላቸው ጫፍ ላይ ወረንጦ ቋጥረው ይመጣሉ። አንዲት እናት ጎንበስ ብለው ፀጉሩን ነቅለው ሲያሳዩኝ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ ዓመታት ሠርተውታላ። የተነቀለው ግን አጭርና ጠንካራ ሆኖ ይበቅላል። መፍትሔው ጤና ጣቢያ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ የሚሠራው አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። ለልጆች ደግሞ ፊት መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት፣ በዘመቻ የሚታደለው መድኃኒት፣ አዚትሮማይሲን።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፣ 45 ዓመቴ ነው። መጽሐፉን ማራቅ ጀምሬአለሁ።

የዕድሜ ነው፣ አይደንግጡ። ከ40 በኋላ ሁላችንም ጋ ይመጣል። የማንበቢያ መነጽር ይበቃዎታል። ከመግዛትዎ በፊት ግን አንዴ ይታዩ፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ሳያም ነው የሚጎዳው።

ጥያቄ፦ የቆሎ ተማሪዎችስ? እነሱን ማን ያያቸዋል?

ይሄን የጠየከኝ ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። ዲማም ሆነ ደብረ ኤልያስ፣ ጎጆ ውስጥ ሆነው የሚማሩ ልጆች በትምህርት ቤት መዝገብ የሉም። መጽሐፍ ከፊታቸው ስለሆነ የሩቅ ችግራቸው አይታወቅም። መጀመሪያ የኔታን ማስፈቀድ ነው። እሳቸው «ታዩ» ካሉ የሚቀር የለም።

ጥያቄ፦ ወደ ሥራው ለመግባት ምን ልማር?

ለልየታው ብቻ አጭር ሥልጠና ይበቃል። መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይሠለጥኑበታል። ጠለቅ ማለት ከፈለግሽ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ ያስተምራል።

ጥያቄ፦ በሥራው የከበደሽ ነገር?

ወረቀቱ። መጀመሪያ አካባቢ ሪፈር ጽፌ ስሰጥ ሥራዬ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። በዓመቱ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ስመለስ ያቺ ቀኑን አይታ የማታውቀው ልጅ ከደብተሯ ሽፋን ሥር አንድ ወረቀት አወጣች። የኔው ጽሑፍ ነው፣ አራት ቦታ ታጥፎ። እንዳይጠፋባት አስቀምጣው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣለች። አባቷን ስጠይቃቸው የሰጠኋት ቀን የአጨዳ ሰሞን ነበር። ከተማ ደርሶ መመለስ የሁለት ቀን ሥራ ያስፈታል፣ የመኪናም ገንዘብ ይጠይቃል።

አሁን በአጨዳ ሰሞን ሪፈር አልጽፍም። ቀጠሮውን ወላጅ ለገበያ ከተማ በሚወርድበት ቀን አደርገዋለሁ። መዝገቤ ላይም «ደርሷል?» የሚል ዓምድ ጨምሬአለሁ። ከመጨረሻው ትምህርት ቤት 3 ስሞች ፊት ለፊት ገና ባዶ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ አባቶቻቸውን እዚያው አገኛቸዋለሁ።