የጃፓኑ ያኩዛ (የተደራጁ የወንጀል ቡድኖች) ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ያኩዛዎች የሳሙራይ (የጥንቱ የጃፓን ተዋጊ መደብ) ዘር ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ማለት የሚወዱት በተለይ ራሳቸው ናቸው። ታሪኩ ግን ይበልጥ የሚያመለክተው በኤዶ ዘመን (1603–1868) ከማኅበረሰቡ ዳር ተገፍተው ይኖሩ የነበሩ ሁለት ወገኖችን ነው፤ እነርሱም በቤተ መቅደስ ክብረ በዓላት ላይ ዳስ ጥለው የሚቸረችሩት ተኪያዎችና የተከለከለ ቁማር የሚያጫውቱት ባኩቶዎች ናቸው። የተኪያዎቹ አለቃ መሸጫ ቦታ እየደለደለ ኪራይ ይሰበስብ ስለነበር፣ ከጊዜ በኋላ የመጣው፣ ከነጋዴ በማስፈራራት የሚሰበሰበው «የጥበቃ» ገንዘብ ብዙም እንግዳ ነገር አልነበረም። በኋላ የወደብ ጭነት ሠራተኞችም ተጨመሩ፤ ትልቁ ቡድን ያማጉቺ-ጉሚ እ.ኤ.አ. በ1915 በኮቤ ከተማ የተመሠረተው ከእነርሱ መካከል ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አባል የሚገባው በምን ሥርዓት ነው?

መልስ፦ በጽዋ ነው። በሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) መሠዊያ ፊት፣ ዓሣና ጨው ቀርቦ፣ ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ ይቀዳል፤ አለቃውና አዲሱ አባል ከጠጡ በኋላ አንዱ አባት (ኦያቡን)፣ ሌላው ልጅ (ኮቡን) ይሆናሉ፤ ልጅየውም ጽዋውን በወረቀት ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ይሸጉጠዋል። ወንድማማችነት ሲሆን የመጠጡ መጠን ራሱ ይናገራል፤ እኩል ከተቀዳ እኩያሞች ናቸው፣ ስድስት ለአራት ከተከፈለ ግን ታላቅና ታናሽ ናቸው። በእኔ እምነት የያኩዛን ጥንካሬ ከጠመንጃ ይልቅ ይህ የውል ዝምድና ያስረዳዋል።

ጥያቄ፦ ጣት የሚቆረጠው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ለይቅርታ ነው። ያጠፋው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግራ እጁ ትንሿ ጣት የላይኛውን አንጓ ራሱ ቆርጦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ለአለቃው ያቀርባል። ልማዱ ከቁማርተኞቹ የመጣ ሲሆን፣ ጣቱ የጎደለ ሰው ሰይፍ አጥብቆ መያዝ ስለሚሳነው ይበልጥ የአለቃው ጥገኛ ይሆናል ይባላል።

ጥያቄ፦ የተነቀሰ ሁሉ ያኩዛ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሆኖም ንቅሳት ከያኩዛ ጋር ስለሚያያዝ ብዙ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች የተነቀሰን ሰው ዛሬም አያስገቡም።

ጥያቄ፦ መንግሥት ለምን አላገዳቸውም?

መልስ፦ አባልነት በራሱ ወንጀል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ቡድኖቹን በስም ለይቶ ገንዘብ ለመቀበል ሰው ማስፈራራታቸውን ገደበ፤ ይበልጥ የጎዳቸው ግን እስከ 2011 በሁሉም ክፍላተ ሀገር የወጣው ደንብ ነው፤ ምክንያቱም ክልከላው ከእነርሱ ጋር በሚሠራው ነጋዴ ላይም አረፈ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ180,000 በላይ የነበረው ቁጥራቸው ዛሬ ከ20,000 በታች ወርዷል። ቡድኑን ጥሎ የወጣ ሰው እንኳ በተለምዶ ለአምስት ዓመት እንደ አባል ስለሚቆጠር፣ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ሆነ ቤት ለመከራየት ይቸገራል።