ጠዋት የማይታዘዝ እጅ

ሕክምና ለምትማሩ ልጆቼ፣

ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ፕሮቲኖች፣ የሳይቶካይኖችን ስም ስትሸመድዱ አያለሁ፤ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሊዩኪን 1፣ ኢንተርሊዩኪን 6። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ከምትተዳደር አንዲት እናት እጅ ነው። ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቃት፣ ጣቶቿ እስኪፍታቱ ረፋድ ድረስ አክንባሎ ማንሳት ያቅታት ነበር። ቁርጥማት ነው ብዬ ለወራት ማስታገሻ ብቻ እየሰጠሁ መለስኳት። አንድ ቀን ጣቶቿን ከሥራቸው ጫን አድርጌ ስዳስስ እብጠቱ እንደ ቡሆ ለሰለሰብኝ። ራጅ ስናነሳ አጥንቱ መበላት ጀምሯል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ ነበር። የመገጣጠሚያው ስስ ሽፋን ይወፍራል፤ እዚያ የተከማቹ ሕዋሳት በሳይቶካይን እየተጠራሩ ብግነቱን ያራግባሉ፤ አጥንት የሚበሉትንም ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ። ኢንተርሊዩኪን 6 ደግሞ በደም ተጉዞ ጉበትን ሲአርፒ የተባለ የብግነት ምልክት የሆነ ፕሮቲን ያስመርታል፤ ደም ማነስም ያመጣል። ስለዚህ «ደከመኝ» ስትላችሁ የሥራ ብዛት ነው ብላችሁ አትለፏት።

መልእክተኛው ይህን ያህል ብዙ ሆኖ ሳለ አንዱን መዝጋት ምን ይፈይዳል የሚሉ ብዙ ነበሩ። ለንደን ውስጥ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሕሙማን መገጣጠሚያ በወሰዱት ሕዋስ ላይ ቲኤንኤፍን ሲያግዱ ኢንተርሊዩኪን 1ም አብሮ ወረደ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ታተመ። በ1992 ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ውስጥ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ለሕሙማን መስጠት ሲጀምሩ የብዙዎቹ እብጠት በሳምንታት ውስጥ ቀነሰ። ይህን ሳስብ አሁንም ልቤ በደስታ ይሞላል።

ነገር ግን ቲኤንኤፍ ጠላት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሳንባ ውስጥ የተኛውን የነቀርሳ ተሕዋሲ ከብቦ የሚጠብቀው ግንብ የሚቆመው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 መድኃኒቱን በወሰዱ ሰዎች ላይ ሳንባ ነቀርሳ መነሣቱ በሰፊው ተዘገበ። ነቀርሳ ባልጠፋበት በእኛ አገር ይህን መድኃኒት ከማዘዛችሁ በፊት ሕመምተኛውን ጠይቁ፤ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው መኖሩንም ጠይቁ፤ መርምሩ፤ ደረቱን ራጅ አንሡ።

ያቺ እናት ግን የሚያስፈልጋት ቲኤንኤፍን የሚያግደው ውድ መርፌ አልነበረም። ሜቶትሬክሴት የተባለውን ብግነት የሚያበርድ ክኒን አስጀመርኳት፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ በመሆኑ ማዘዣው ላይ «እሑድ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። በየቀኑ የዋጡት እንደሆነ መርዝ ነውና ቀኑን ሳትጽፉ ማዘዣ አትስጡ። ከወራት በኋላ አክንባሎውን በጠዋት ማንሳት ቻለች። የቀኝ እጇ መካከለኛ ጣት ግን ዳግም አልተቃናም።