የአባትሽን ብየዳ ቤት አትሽሺው

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የ4ኛ ዓመት የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነሽ። ሕልምሽ የአሜሪካው አውሮፕላን አምራች የሎክሂድ ስውር ክፍል የሆነው ስከንክ ዎርክስ ገብተሽ የጦር አውሮፕላን መንደፍ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ «ብቻ ነይ፣ ሌላው ይስተካከላል» ይልሻል። እናትሽ ባንክ ቤት እንድትቀጠሪ ይፈልጋሉ። አባትሽ ደግሞ ፍራንኮ አካባቢ በርና መስኮት የሚሠሩበት ብየዳ ቤት አላቸው፤ አንቺ ግን ዝር እንድትዪበት አይፈልጉም። «ያስተማርኩሽ ከዚህ ጭስ እንድትወጪ ነው» አሉሽ።

የወንድምሽን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። እዚያ ለመሥራት የመንግሥትን ሚስጥር ለማየት የሚያስችል ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ግሪን ካርድ እንኳ አይበቃም። ዲቪ እየሞላሽ ዕድሜሽን አትቁጠሪ። ሴትነቴ ያግደኛል ወይ ላልሽው፣ ሜሪ ጎልዳ ሮስ ከክፍሉ 40 መሥራች መሐንዲሶች አንዷ ነበረች። ከዚያ በፊት የገጠር ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ለእናትሽ ደግሞ፣ ቤት የሚደገፈው በባንክ ደሞዝ ብቻ እንዳልሆነ ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው።

እኔን ያንገበገበኝ የአባትሽ ነገር ነው።

ኤስአር-71ን ታውቂዋለሽ። ስከንክ ዎርክስ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ፣ ከድምፅ 3 እጥፍ በላይ ይፈጥን የነበረ አውሮፕላን ነው። አካሉ በአብዛኛው ቲታኒየም የሚባል ቀላልና ጠንካራ ብረት ነበር። ሲሠራ አንድ ነገር ሰዎቹን ግራ አጋባቸው። በሙቀት ወራት የተበየዱት ክፍሎች ቶሎ ይበላሻሉ፤ በብርድ ወራት የተበየዱት ይቆያሉ። መዝገቡን ሲያገላብጡ ጥፋቱ ውሃው ላይ ተገኘ። ፋብሪካው የነበረበት የበርባንክ ከተማ በሙቀት ወራት አልጌ እንዳይበዛ ውሃው ላይ ክሎሪን ይጨምር ነበር። ክፍሎቹ የሚታጠቡት በዚያ ውሃ ነው፤ ክሎሪኑም ቲታኒየሙን ይጎዳው ነበር። ካድሚየም በሚባል ብረት የተለበጡ መፍቻዎችም ብሎኑን ይጎዱት ነበር፤ ሲግል ጭንቅላቱ ይረግፋል። መፍቻዎቹ ከየሳጥኑ ተለቅመው ወጡ።

አየሽ፣ ያ ሁሉ ሚስጥር የተንጠለጠለው በብየዳ ላይ ነው። የትኛው ክፍል መቼ እንደተበየደ የጻፈ ሰው ባይኖር ምክንያቱ አይገኝም ነበር። ክፍሉን የመሠረተው ኬሊ ጆንሰንም ነዳፊዎቹን ከሚገጣጠመው አውሮፕላን አያርቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 የመጀመሪያውን አውሮፕላን በ143 ቀን ያወጡት እንዲህ እየሠሩ ነው።

እኔ 11 ዓመት በአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ሠርቻለሁ። ዲግሪዬን ይዤ እንደገባሁ አንድ ድጋፍ ብረት ነደፍኩ። ስሌቱ ልክ ነበር። አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን አውሮፕላኑ ሥር ወሰደኝና «እጅህን አስገባ» አለኝ። ጣቶቼ ገቡ፣ መዳፌ ቀረ። «ታዲያ ይሄን ሪቬት ማን ይመታዋል?» አለ፤ ብረቱን የሚያያይዘውን ሚስማር ማለቱ ነው። ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር እስከዛሬ አልረሳውም። በ4 ዓመት ትምህርት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

አባትሽን አከብራቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ልጃቸውን ከጭስ ያወጡ መስሏቸው፣ ከጓደኞችሽ አንዳቸውም የሌላቸውን ነገር እየነፈጉሽ ነው። ይህንኑ ንገሪያቸው። የ2 ወር ቅዳሜዎችን ብቻ ለምኚያቸው። ማስክና ጓንት አድርገሽ፣ ከመለካትና ከመቁረጥ ጀምሪ። ደብተር ያዢ፦ የኤሌክትሮዱን (የብየዳ ዘንጉን) ዓይነት፣ አምፔሩን (የኤሌክትሪኩን መጠን)፣ የብረቱን ውፍረት ጻፊ። ስትመረቂ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ክፍል አመልክቺ፤ ያንን ደብተርም ይዘሽ ሂጂ። ውጤትሽ 2.9 መሆኑ እኔን ብዙም አላሳሰበኝም።

የመጀመሪያው የበየድሽው ቁራጭ ከተሰነጠቀ አትጣይው። በጠመኔ ቀኑን ጻፊበትና ለአባትሽ አሳዪያቸው። ለምን እንደተሰነጠቀ እሳቸው ያውቃሉ።