ስብሰባ እንጠራለን፤ የሚመጡት ግን እነዚያው ናቸው

ጥያቄ፦ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ በሕዝብ ተሳትፎ ክፍል እሠራለሁ። በየሩብ ዓመቱ የሰፈር ስብሰባ እንጠራለን። የሚገኙት ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ነዋሪው ለሰፈሩ ግድ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ ለፍርድ አይቸኩሉ። ያለፉትን ሦስት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ያውጡና ነዋሪ ተናግሮ የተለወጠ አንድ ውሳኔ ይፈልጉ። ካጡ፣ ሰዉ የቀረው ግድ ስለሌለው ሳይሆን ስብሰባው ጊዜውን ከመብላት ሌላ እንዳልፈየደለት ስላወቀ ነው። አሜሪካዊቷ የሕዝብ ተሳትፎ ጸሐፊ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው ጽሑፍ ተሳትፎን በስምንት ደረጃ መሰላል አስቀምጣዋለች፤ ታች ማታለል፣ መሐል ማሳወቅና ማማከር፣ ላይ ሥልጣኑን ለነዋሪው ማስረከብ። አብዛኛው የሰፈር ስብሰባ ማሳወቅ ላይ ቆሞ ሪፖርት ሲጻፍ «አሳትፈናል» ይባላል። ማሳወቅ ነውር የለበትም። ነውሩ አልቆ የመጣን ጉዳይ «እንመካከርበት» ማለቱ ነው።

ስለዚህ ጥሪው ከመውጣቱ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ የተወሰነው ምንድን ነው? ገና ያልተወሰነውስ? ለምሳሌ መንገድ እንደሚሠራ ተቆርጦ ከሆነ በግልጽ ይናገሩ። የእግረኛ ማቋረጫው ቦታና የመብራቶቹ አቀማመጥ ካልተወሰኑ አጀንዳው እነሱ ብቻ ይሁኑ። በማስታወቂያውም ላይ «የልማት ውይይት» ከሚባል «ማቋረጫው የት ይሁን?» ቢባል ይሻላል፤ ለመጀመሪያው ማንም ከቤቱ አይወጣም።

ዋናው ሥራ ግን ከስብሰባው በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው። የተነሳውን ሐሳብ ሁሉ ይዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱን፣ ምክንያቱን፣ የሚከታተለውን ክፍልና ቀኑን ይጻፉ። ዝርዝሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስብሰባው በተካሄደበት ቦታ ይለጠፍ፤ ስልክ ለሰጡትም በአጭር መልእክት ይላክ። «አይቻልም፤ ከሥሩ የውኃ ቧንቧ ያልፋል» የተባለ ሰው ቅር ቢለው እንኳ በሚቀጥለው ይመጣል። መልስ ያላገኘው ነው የሚቀረው። ቃል የገቡት ሥራ ከዘገየም ነዋሪው ሳይጠይቅዎ ቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ወጣቶችና ልጅ የያዙ እናቶች አይመጡም። በኢንተርኔት መጠይቅ ብናሰራጭ አይበቃም?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። መጠይቁን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜም፣ ኢንተርኔትም፣ ቅጽ የመሙላት ልምድም ያለው ሰው ነው፤ ከስብሰባው የቀረው ሰው አሁንም ይቀራል። ወደ ሰዎቹ ይሂዱ። ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወሰዱበት ሰዓት በሩ አጠገብ፣ ማታ ደግሞ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የሰፈሩን ካርታ ያስቀምጡ፤ ሰው የሚያስቸግረው ቦታ ላይ ቀይ ወረቀት ይለጥፍ። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ስብሰባ ካስፈለገ ከሥራ መውጫ በኋላ ይሁን፤ ልጆች የሚጠበቁበት ክፍልም ይዘጋጅ። አዳራሹን በመድረክና በአንድ ማይክሮፎን አይምሩት፤ ማይክሮፎኑ መናገር ለለመደ ብቻ ያደላል። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው በየጠረጴዛው ተቀምጦ፣ አንድ አወያይና አንድ ጸሐፊ ቢኖረው ዝምተኛውም ይናገራል። የተገኙትን በዕድሜ፣ በጾታና በመኖሪያ አካባቢ ይመዝግቡ። ጠቅላላ ቁጥሩ ለሪፖርት ያምራል፤ የሚጠቅመው ግን ማን እንደቀረ ማወቁ ነው።

ጥያቄ፦ ከበጀቱ የተወሰነውን ነዋሪው ይወስንበት ብንል ለግርግር አይዳርገንም?

መልስ፦ የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 ጀመረችው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት የምክር ቤት ወረዳዎች ሞከረችው። ግርግሩ የሚመጣው ደንቡ ዘግይቶ ሲወጣ ነው። የገንዘቡ መጠን ሐሳብ ከመሰብሰቡ በፊት ይታወጅ፤ ለምን ዓይነት ሥራ እንደሚውልም ጭምር። የመጡትን ሐሳቦች መሐንዲሶች ከነዋሪ ተወካዮች ጋር ሆነው ይመርምሩ፦ መሬቱ የማን ነው? ዋጋው ስንት ነው? ከተሠራ በኋላ ማን ይጠግነዋል? ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ካልተጨመረ ያሸነፈው ሥራ መሐል ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የሚሰጥ አያገኙም። ድምፅ ሰጪው ከአንድ በላይ ፕሮጀክት ይምረጥ፤ አለዚያ ሁሉም የራሱን መንገድ ብቻ ይመርጣል።

ሌላው አደጋ የተደራጀውና የደላው ሰፈር ሁሌ ማሸነፉ ነው። ፖርቶ አሌግሬ ገንዘቡን ለየአካባቢው ስትደለድል የነዋሪውን ምርጫ፣ የሕዝቡን ብዛትና የጎደለውን አገልግሎት አብራ ታሰላ ነበር። ይህ ቀመር ከድምፅ መስጫው ሳጥን ይበልጣል ብንል አላጋነንም። ምክር ቤታችሁ ገና ከፈራ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረውን የአሜሪካዋን ከተማ የሲያትልን አሠራር ይመልከት፤ ከተማው ለሰፈሩ ገንዘብ ሲሰጥ ነዋሪው በጉልበት፣ በዕቃ ወይም በጥሬ ገንዘብ ድርሻውን ያዋጣል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ኮሚቴ ለዓመታት በአንድ ቡድን እጅ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሰዎቹን በግድ ማንሳት ጠብ ያመጣል። የአገልግሎት ዘመን ይገደብ፤ ከአባላቱ ሲሶው በየዓመቱ ይቀየር፤ ከመቀመጫዎቹ ጥቂቶቹ በዕጣ ይሞሉ። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ይለጠፍ፤ አስተዳደሩም ሒሳቡ ካልተለጠፈ ቀጣዩን ክፍያ አይልቀቅ።