መልስ፦ ሴኡል ቤት ለመከራየት የጉግል ካርታ ይበቃል?

እህቴ፣ ለትምህርት ወደ ሴኡል ከመሄድሽ በፊት የምትከራዪበትን ሰፈር በጉግል ካርታ ማየት ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሻል። ለብዙ አገር ይበቃል። ለኮሪያ ግን አይበቃም።

ደቡብ ኮሪያ ዝርዝር የካርታ መረጃ ከአገር እንዳይወጣ በሕግ ትቆጣጠራለች። ምክንያቱ ከሰሜኑ ጋር ያለው የጸጥታ ስጋት ነው። ጉግል መረጃውን ለማውጣት ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2016 ተከልክሏል። በዚህ የተነሳ ለዓመታት የእግር መንገድ እንኳ በወጉ አይመራም ነበር።

ስለዚህ የኮሪያዎቹን የካርታ መተግበሪያዎች፣ ናቨር ማፕንና ካካኦ ማፕን ጫኚ። ሁለቱም የመንገድ ላይ ፎቶ አላቸው። ለቤት ፍለጋ እኔ የካካኦን እመርጣለሁ፤ የአንዱን ቦታ የቀድሞ ዓመታት ፎቶም ያሳያል።

ፎቶው ላይ መጀመሪያ ዳገቱን እዪ። ካርታ ላይ አጭር የሚመስለው መንገድ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ እንደመውጣት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሕንጻውን የታችኛውን መስኮት እዪ። ከአስፋልቱ እኩል ከሆነ ቤቱ ግማሹ ከመሬት በታች ነው። ባንጂሃ ይሉታል። ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ግን ይረጥባል፣ ሻጋታ ያወጣል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 ሴኡል ውስጥ እንዲህ ባሉ ቤቶች የነበሩ ሰዎች በጎርፍ ሞተዋል። እባክሽ ይህን ሳታዪ ቀብድ እንዳትልኪ።

ናቨር በእንግሊዝኛም ይሠራል፤ የቦታ ስም በላቲን ፊደል ስትጽፊ ግን ሊሳሳት ይችላል። አከራዩ አድራሻውን በኮሪያኛ ይላክልሽ፣ ኮፒ አድርገሽ ፈልጊው።